የሐና ሰፈር

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ላይ ቤቱ የሚቀር ሰው የለም። ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ከየፎቁ ምንጣፍና በርጩማ ይወርዳል፣ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ስንዴው ከሽምብራውና ከባቄላው ጋር ተቀቅሎ በሰፌድ ይቀርባል። እመቤታችን የተወለደችው ከቤት ውጭ ነውና ንፍሮውም፣ ዳቦውም፣ ቡናውም የሚቀመሰው ደጅ ነው። ንፍሮው መጀመሪያ መሬት ላይ በተን ይደረጋል፤ ከዚያ ይታደላል፤ ከዚያ ምርቃት ይከተላል።

ካቻምና ምርቃቱ ጎረቤቴ ጋ ሲደርስ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት እማማ ድፎውን ቆርሰው ሰጧትና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ለዓመቱ በዚሁ ቦታ ልጅ ታቅፈሽ፣ የስለት ድፎሽን ደፍተሽ ያምጣሽ!»

«አሜን» አለች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ሰው ሁሉ ወደ ቡናው ሲመለስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዘጠነኛዬ ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«አሜን ያልኩት።»

ያን ጊዜ 41 ዓመቷ ነበር። ያገባችው በ32 ዓመቷ ነው።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የበዓሉ ታሪክ ደግሞ ዕድሜያቸው እስኪገፋ ልጅ ያላገኙ የባልና ሚስት ታሪክ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ኢያቄምና ሐና ሀብት ነበራቸው፣ ልጅ ግን አልነበራቸውም። መባቸውን ይዘው ቤተ መቅደስ ሲሄዱ መካኖች ናችሁ ተብለው ተመለሱ። ሐና ወፎች ከጫጩቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ አይታ አለቀሰች። ፅንሰቷ ነሐሴ 7፣ ልደቷ ግንቦት 1 የሚታሰበው ማርያም የመጣችው ከዚያ ልቅሶ በኋላ ነው። ንፍሮ ስንበላ የምናስበው ልደቱን ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከልቤ የማይወጣው መባው የተመለሰበት ደጃፍ ነው።

በማግስቱ ጎረቤቴ ቤቷ ጠራችኝ። ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አፉ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል አወረደች። የዘጠኝ ዓመት የሕክምና ወረቀቷ ነው። አልጋው ላይ ዘርግፈን በየቀኑ ቅደም ተከተል ደረደርነው። አሥራ አንድ የአልትራሳውንድ ውጤት። የሆርሞን ምርመራዎች፣ አንዳንዱ ቀለሙ ደብዝዞ የማይነበብ። በማኅፀኗ ቀለም ገብቶ ቱቦዋ ክፍት መሆን አለመሆኑን ለማየት የተነሣ ራጅ ሁለት ጊዜ፤ ሁለቱም «ክፍት ነው» ይላሉ። እንቁላል እንዲያድግ የሚያግዝ ክኒን የታዘዘባቸው ሰባት ማዘዣዎች፣ ከአራት የተለያዩ ክሊኒኮች፤ አንዱ የሌላውን ያየ አይመስልም። በወረቀቶቹ መሀል በላስቲክ የተቋጠረ እምነት።

ደርድረን ስንጨርስ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የባለቤቷ ስም ያለበት አንድም አልነበረም።

«አንድ ሐኪም እንኳ አልጠየቀሽም?»

«አንዱ ጠይቆኝ ነበር። ‹እሱ ጤነኛ ነው› አልኩት።» የአልጋ ልብሱን ጫፍ ስታጣጥፍ ቆየች። «ማን ነገረኝ? ማንም። እኔው ነኝ የማልኩለት።»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ፌስታል ነው። ዕድሜዋ ከ35 ላለፈ ሴት ሕክምናው ምን እንደሆነ፣ የት ድረስ እንደሚያደርስና የት ላይ እንደሚቆም እናገራለሁ። ነገር ግን ከመድኃኒቱም ከመሣሪያውም በፊት የሚያልቅባት ጊዜዋ ነው። ጊዜዋን የሚበላው ደግሞ ስንፍናዋ አይደለም፤ ኀፍረቷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድ ዘሩን ከጉርምስና ጀምሮ በየቀኑ ያመርታል። ሴት ግን የምታመርተው እንቁላል የለም፤ ይዛ የተወለደችውን ነው የምታወጣው። ገና በእናቷ ሆድ አምስት ወር ሲሆናት ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን እንቁላል ይኖራታል። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራል። የወር አበባ ማየት ስትጀምር ከ300 እስከ 400 ሺህ ያህል ነው። በ37 ዓመቷ ገደማ 25 ሺህ አካባቢ ይደርሳል። ወለደችም አልወለደችም፣ ክኒን ዋጠችም አልዋጠችም መቀነሱ አይቆምም።

ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የቀሩትም አብረዋት አርጅተዋል። እንቁላሉ ለመፀነስ ሲዘጋጅ ክሮሞዞሞቹን እኩል መክፈል አለበት፤ ዓመታት ያስቆጠረ እንቁላል ሲከፍል ይሳሳታል፣ አንዱ ይተርፋል ወይም ይጎድላል። ከዚህ የተነሣ ነው ዕድሜ በገፋ ቁጥር ፅንስ አለመያዙም፣ ከያዘ በኋላ መጨንገፉም የሚበዛው። በ40 ዓመት ዕድሜ ከሚያዙት ፅንሶች ሲሶ ያህሉ ይጨነግፋሉ። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል በ30 ዓመት ከሺህ አንድ አካባቢ ሲሆን፣ በ40 ከመቶ አንድ አካባቢ ይሆናል። የጨነገፈባትን ሴት «ከባድ ዕቃ አንሥተሽ ነው»፣ «ዓይን በልቶሽ ነው» የሚሏት ሰዎች ይህን ቢያውቁ ምናለ!

በዚህ ከተማ ደግሞ ዘግይቶ ማግባት የጥቂት ሰው ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ እንደምትወልድ ሲያሳይ፣ የአዲስ አበባዋ ሴት ግን 1.8 ብቻ ነበር። ትምህርቷን ጨርሳ፣ ሥራ ይዛ፣ ታናናሾቿን አስተምራ፣ የኮንዶሚኒየም ቁጠባ ስትከፍል ቆይታ ነው የምታገባው። ይህን ሁሉ ስታደርግ «ጎበዝ» ያልናት እኛው ነን። በ38 ዓመቷ «ምን ስትጠብቂ ነበር?» የምንላትም እኛው ነን።

ሐኪሞች መካንነት የሚሉት ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው ፅንስ ሳይያዝ ሲቀር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወቱ ይህ ያጋጥመዋል። ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት ግን አንድ ዓመት አይጠበቅም፤ ስድስት ወር ይበቃል። 40 ከሞላት ወዲያውኑ መመርመር ነው። ይህቺን አንዲት ነገር የነገራት ሰው ቢኖር ኖሮ የጎረቤቴ ፌስታል ግማሹ ባዶ በሆነ ነበር።

የመጀመሪያው ዙር ምርመራ ብዙ አይደለም። የእንቁላል ክምችቷን የሚጠቁመው ኤ.ኤም.ኤች የሚባለው የደም ምርመራ፤ በአልትራሳውንድ ኦቫሪዋ ላይ ያሉትን ትንንሽ ከረጢቶች መቁጠር፤ ማኅፀኗ ውስጥ ዕጢ መኖር አለመኖሩን ማየት፤ ቱቦዎቿን በቀለም ራጅ ማየት። እኛ አገር ሳይታከም የቆየ ኢንፌክሽን ቱቦ ስለሚዘጋ ይህኛው በቀላሉ አይታለፍም። ስለ ኤ.ኤም.ኤች አንድ ነገር ልበል። ውጤቱ ዝቅ ያለባት ሴት «ልጅ አትወልጂም» የተባለች ያህል ታለቅሳለች። ምርመራው የሚጠቁመው የእንቁላሉን ብዛት ነው፤ ጥራቱን የሚወስነው ዕድሜዋ ነው። ብዙ እንቁላል ያላት የ43 ዓመት ሴት ጥቂት ካላት የ33 ዓመት ሴት ትበልጣለች ማለት አይደለም።

አምስተኛው ምርመራ የባል ነው። ከሁሉም ርካሹ፣ ከሁሉም ቀላሉ፣ ከሁሉም መጨረሻ የሚደረገውም እሱ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ታቅቦ ዘሩን በንጹሕ ኩባያ መስጠት ነው፤ መርፌ የለው፣ ራጅ የለው። ልጅ ካጡ ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ የወንዱ ችግር ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ ይገኛል።

የጎረቤቴ ባለቤት የሄደው ፌስታሉን ከደረደርን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የቤቱን ጣጣ ሁሉ በትከሻው የተሸከመ፣ ሚስቱን በሰው ፊት ከፍ ዝቅ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ኩባያውን ተቀብሎ በኮሪደሩ ሁለት ጊዜ ተመላለሰና ወጥቶ ሄደ፤ አንድ ካፌ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ተመለሰ። ኋላ ያላትን ነግራኛለች፦ «ችግሩ እኔ ብሆን እናቴ ለዘጠኝ ዓመት የተናገረችሽን ምን አደርገዋለሁ?»

ችግሩ ነበረበት። ዝቅተኛ የሚባለው ወሰን በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው፤ የእሱ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር፤ እንቅስቃሴውም ደካማ። ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ሁለት ቀን ይዞት ዞረ። በሦስተኛው ቀን እናቱ ቤት ሄዶ ራሱ ነገራቸው። ይህንን እንድጽፍ የፈለገውም እሱ ነው።

ወደ ሕክምናው ልምጣ። ለወጣት ሴት መሰላሉ ከታች ይጀምራል። እንቁላል የሚያሳድግ ክኒን ለጥቂት ወራት፤ ካልሆነ ዘሩን በላቦራቶሪ አጥቦ በቀጭን ቱቦ ማኅፀን ውስጥ ማስገባት፤ ካልሆነ እንቁላሉንና ዘሩን ከሰውነት ውጭ በላቦራቶሪ የሚያገናኘው አይ.ቪ.ኤፍ። ዕድሜዋ ወደ 40 ለተጠጋ ሴት ግን በየእርከኑ ቆሞ መተንፈስ አያዋጣም። አሜሪካ ውስጥ ከ38 እስከ 42 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ ነው ያሳየው፤ በቀጥታ አይ.ቪ.ኤፍ የጀመሩት ከሌሎቹ ይልቅ ባነሰ ዙር ፀነሱ። ጎረቤቴ በሰባት ማዘዣ የዋጠችው ክኒን በራሱ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። ባሏ ሳይመረመር፣ ዕድሜዋ ሳይጠየቅ፣ ዓመት እየተቆጠረ መሰጠቱ ነው የበደላት።

አይ.ቪ.ኤፍ አዲስ ነገር አይደለም። በዚህ መንገድ የተፀነሰችው የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እንግሊዝ አገር የተወለደችው ሐምሌ 1970 ዓ.ም. ነው። ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ፣ ተመራማሪው ሮበርት ኤድዋርድስና ፅንሱን ስትከታተል የነበረችው ጂን ፐርዲ ዓመታት የለፉበት ነበር። እንደ ጎረቤቴ ባለቤት ዘራቸው ላነሰ ወንዶች በር የተከፈተው ደግሞ በ1992 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብራስልስ ውስጥ አንዲት የወንድ ዘር ተመርጣ በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ የምትገባበት ዘዴ ውጤት ተሰማ። ኢክሲ ይሉታል። ለእኛ ግን ሁለቱም ለረጅም ጊዜ የውጭ አገር ወሬ ነበሩ። ያለው ቤት ሸጦ፣ የሌለው ዘመድ ለምኖ ሕንድ፣ ታይላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ ይሄድ ነበር። በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው ማዕከል ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። የዚህ ሕክምና ስፔሻሊስት የሆኑት ዶ/ር ሰናይት ፍሥሐ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆነው ከጳውሎስ ጋር ያቋቋሙት የሥልጠና ትብብር ለዚህ ትልቅ ስንቅ ነበር።

ጎረቤቴ የታከመችበትን ቦታ እንዳልጠራ አደራ ብላኛለች። ሕክምናው እሷ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ግን አይቻለሁ። የወር አበባዋ በመጣ በሁለተኛው ቀን መርፌው ተጀመረ። በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት፣ እምብርቷ አካባቢ ቆዳዋን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋ ራሷ ትወጋለች። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ። ስለዚህ ፍሪጇ ውስጥ ከቲማቲሙና ከወተቱ በላይ በፎጣ የተጠቀለለ ትንሽ ሣጥን ነበር፤ ማንም እንዳይነካው። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ አልመጣም። ባለቤቷ ምንም ሳይል ወርዶ ከመጠጥ ቤት በረዶ ገዝቶ መጣ፤ ሣጥኑን በረዶው እንዳይነካው በፎጣ ለይቶ ባልዲ ውስጥ አስቀመጠው። ሦስታችንም በሻማ ብርሃን ባልዲውን ከብበን አመሸን። ሰው የታመመበት ቤት ይመስል ነበር፤ ግን ማንም አልታመመም።

አሥር ቀን አካባቢ ሲሆን እንቁላሉን የሚያበስለው የመጨረሻ መርፌ ይሰጣል። ሰዓቱ አይዛነፍም፤ ከእሱ በኋላ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንቁላሉ በማደንዘዣ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ይወጣል። የእሷ አራት ወጡ። ከአራቱ የበሰሉት ሦስት። ኢክሲ ተደርጎላቸው ሁለቱ ፀነሱ። በአምስተኛው ቀን አንድ ቀረ። በየማለዳው ስልክ ሲደወልላት ቁጥሩን በእጇ ጣት ነበር የምትይዘው፤ አንድ ጣት በታጠፈ ቁጥር ፊቷን አያት ነበር። የቀረው አንዱ ፅንስ ወደ ማኅፀኗ ገባ። አሥራ ሁለት ቀን ጠበቀች። አልያዘም።

የሚጠበቅ ነበር ማለት አልወድም፤ ግን ሐኪሙ ከመጀመሪያው አልዋሻትም። ብሪታንያ ውስጥ ይህን ሕክምና የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ለ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው አኃዝ ሴቷ በራሷ እንቁላል ስትታከም፣ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች ማኅፀን ከሚገቡ ሦስት ፅንሶች አንዱ ገደማ ልጅ ሆኖ ይወለዳል። በ43 እና በ44 ዓመት ግን ከሃያ አንዱ ገደማ ነው። ሕክምናው የተዘጋ ቱቦን ያልፋል፣ ያነሰ ዘርን ያግዛል፤ የእንቁላሉን ዕድሜ ግን አይመልስም። «ኦቫሪ እናድሳለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዪ፣ እህቴ፣ ገንዘብሽን አጥብቀሽ ያዢ፤ እስከ ዛሬ በጥናት የጸና እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም።

ዕድሜን የሚሻገር አንድ መንገድ አለ፤ የሌላ ወጣት ሴት እንቁላል። በዚህ ጊዜ ውጤቱን የሚወስነው የተቀባይዋ ዕድሜ ሳይሆን የሰጪዋ ነው፤ የ45 ዓመት ማኅፀን ብዙ ጊዜ ሥራውን አይረሳም። ግን ከሕክምናው በላይ የሆነ ጥያቄ ያስነሣል፤ ስለ ዘር፣ ስለ እምነት፣ ልጁ አድጎ ስለሚጠይቀው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አዋጅ በቴክኖሎጂ የሚታገዝ የመውለድ ሕክምናን በሕግ ከተጋቡ ባልና ሚስት ጋር አያይዞታልና፣ ወደዚህ የምታስብ ሴት ከሐኪሟ ጋር ሕጉንም ቁጭ ብላ መነጋገር አለባት። ገና 30 ዓመት ያልሞላት ወይም ጥቂት ያለፋት ግን ለማግባት ያልደረሰች ልጅ ደግሞ እንቁላሏ በፈሳሽ ናይትሮጂን፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሊቀመጥላት እንደሚችል ትወቅ፤ ሳይንሱ አለ። ከ40 በኋላ በማስቀመጥ ግን የሚገኘው ጥቂት ነው። ከ40 በኋላ ያረገዘችም የደም ግፊቷንና የስኳሯን ክትትል ለነገ እንዳታሳድር።

ጉዲፈቻንም እንደ መጨረሻ ቀሪ ነገር አድርጎ መጥራት አልወድም። በማር ጣት አጥብቶ የጡት ልጅ ማድረግን የሚያውቅ አገር ነው ያለን። ልጆች ወደ ውጭ አገር በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በ2010 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እነዚያ ልጆች የሚጠብቁት የእኛኑ በር ነው። ጎረቤቴና ባለቤቷ ስለዚህ ተነጋግረዋል፤ ገና አልጨረሱም።

ጠበል ስለሚሄዱት አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ብዙዎች ውስጣቸው የሚመላለሰው እሱ ስለሆነ። ጎረቤቴ ሕክምና ስትጀምር ጠበሏን አልተወችም፤ ሐኪሟም ተዪ አላላትም። በታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ልጆቻቸውን አዝለው ስለት ሊያስገቡ የሚመጡትን እናቶች ያየ ሰው በጸሎት ላይ አያፌዝም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ጠበሉ ለሰባት ቀን ይሁን፣ ለአሥራ አራት ቀን ይሁን፣ ምርመራውም በዚያው ሰሞን ይሁን። «መጀመሪያ ይህን ልሞክር፣ ካልሆነ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» የሚለው አነጋገር በ25 ዓመት ምንም አይደለም። በ38 ዓመት ግን «መጀመሪያ» ማለት ሁለት ዓመት ነው፤ ሁለቱ ዓመት ከሁሉም ውዱ ነው።

ዘንድሮም ግንቦት 1 ቀን ወጥተን ነበር። ጎረቤቴ 43 ዓመት ሞልቷታል። ለሁለተኛ ዙር ወስነዋል፤ አንድ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ እንደማይጨምሩ ተስማምተው። ባለቤቷ ምንጣፉን ተሸክሞ የወረደው እሱ ነው፤ እናቱም መጥተው አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። ስለ ልጅ አንዲት ቃል አልተናገሩም፤ ንፍሮውን በእጃቸው እየዘገኑ ያጎርሷት ነበር።

እማማ ምርቃቱን ጀመሩ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የገባች አንዲት ሙሽራ ነበረች፣ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፣ ካገባች ሁለተኛ ዓመቷ። እማማ ድፎውን ቆርሰው ለእሷ ሰጡና እጃቸውን ዘረጉ፤ ለዓመቱ ልጅ ታቅፈሽ። ልጅቷ «አሜን» አለች፣ ጎንበስ ብላ ጉልበት ሳመች። ጎረቤቴም «አሜን» አለች። ከዚያ በርጩማዋን እየሳበች ወደ ሙሽራዋ ተጠጋች፣ ቡና ቀዳችላት፣ ሲኒውን እያቀበለቻት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባልሽስ ተመርምሯል?»